ወርቅ ያላት አዶላ፣ ትምህርት ያላት ሐዋሳ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ሞጆን፣ መቂን፣ ዝዋይንና ሻሸመኔን አልፎ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ሐዋሳ ይገባል። ከተማዋ ከሐይቋ ዳር የተቀመጠች ስትሆን ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ 1,700 ሜትር ያህል ነው። መንገዶቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው። በጠዋት ወደ አሞራ ገደል የወረደ ሰው ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶውንና አምባዛውን ከጀልባ ሲያወርዱ ያያል። አባ ኮዳ የተባለውም ራሰ በራ ትልቅ አሞራ የዓሣውን ራስና አንጀት እየጠበቀ፣ እንደ ዳኛ ሽማግሌ ከወዲያ ወዲህ በዝግታ ይመላለሳል። ወደ ማታ ደግሞ ሽማግሌውም ወጣቱም ነፋስ ለመቀበል ወደ ፍቅር ሐይቅ ይወጣል። ታቦር ተራራ ላይ ለወጣ ሰው ከተማውና ሐይቁ እንደ ተዘረጋ ካርታ ከእግሩ ሥር ይታዩታል።

ስለ ሐዋሳ ውበት ብዙ ተነግሯል። የዓሣዋን ጣዕምና የጉዱማሌን የፍቼ ጨምበላላ በዓል ድምቀት ያላወራ መንገደኛ የለም። የዛሬው ጽሑፌ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። ይኸውም ሐዋሳን ያሳደጋት ሀብት ምን እንደ ሆነ፣ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ካለችው ከወርቅ አገር ከአዶላ ጋርም ሊኖራት የሚገባው ዝምድና ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለውድ አንባቢዎቼ ማስረዳት ነው። የአንዲቱ ሀብት ከመሬት በታች ነው፤ የሁለተኛዪቱ ግን በክፍል ውስጥ ነው። ሁለቱ እስካሁን በሚገባ አልተገናኙም።

በትምህርት ያደገች ከተማ

ሐዋሳ ገና ወጣት ከተማ ናት። የተቈረቈረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ስለ አመሠራረቷ ሲነገር የልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ስም አብሮ ይነሣል። ከዚያ በፊት የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ይርጋለም ነበረች። ስሟ በሲዳምኛ «ሰፊ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው ይባላል፤ በብዙዎች አፍ ግን ለረጅም ዘመን «አዋሳ» ስትባል ኖራለች።

ይህች ከተማ ወርቅ የላትም፤ ነዳጅም የላትም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1976 ግን አንድ የእርሻ ኮሌጅ ተከፈተባት። ከሁለት ዓመት በኋላም በአቅራቢያዋ በወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ተቋቋመ። እነዚህና የዲላው ኮሌጅ በሚያዝያ ወር 1992 ዓ.ም. አንድ ሆነው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። በ1998 ዓ.ም. ስሙ ተለውጦ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሲባል ዲላ ራሷን ቻለች። ዛሬ በዚህ ዩኒቨርሲቲ ግብርና፣ ሕክምና፣ ሕግና ምሕንድስና ይሰጣል። ከእነርሱም ጋር የምድርን አካል የሚያጠና የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል አለ። ይህን የመጨረሻውን አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

ትምህርት ቤት ለከተማ የሚሰጠው ጥቅም ዲፕሎማ ብቻ አይደለም። ተማሪ ሲመጣ ቤት ይከራያል፣ ምግብ ይበላል፣ መጽሐፍና ወረቀት ይገዛል። መምህሩ ቤት ሠርቶ ይቀመጣል፤ ልጆቹም የከተማው ልጆች ይሆናሉ። ሐኪሙ ከተመረቀ በኋላ ክሊኒክ ይከፍታል፤ መሐንዲሱም የሥራ ተቋራጭ ይሆናል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ወደ ሐዋሳ ሲመጣ፣ በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ በሕዝበ ውሳኔ ክልል ሆኖ ከተማይቱን ዋና ከተማው ሲያደርጋት፣ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የቆየ የተማረ ሰው አገኙ። ከአንድ የእርሻ ኮሌጅ የተነሣው ነገር በግማሽ ምዕት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ደርሷል።

ከእሳት ምድር ወደ ጥንታዊው ድንጋይ

አሁን ደግሞ ከሐዋሳ ወጥተን ወደ ወርቁ አገር እንሂድ። መንገዱ ወደ ደቡብ ወርዶ አፖስቶ ላይ ከዲላው መንገድ ይለያል። ቡናዋ በዓለም ገበያ የታወቀችውን አለታ ወንዶን ያልፍና ወደ ደጋው ይወጣል። ሀገረ ሰላምና ቦሬ ሲደረስ ብርዱ ይጠነክራል፤ ጋቢ ያልያዘ መንገደኛ ይጸጸታል። እንሰቱ፣ ቀርከሃውና ጉሙ የዚህ አገር መለያዎች ናቸው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በኢርባ ሙዳ በኩል ቀስ በቀስ ቁልቁል ይወርዳል፤ የአንፈራራ ደን ግርማውን ያሳያል፤ በመጨረሻም የጉጂ ኦሮሞ አገር ወደ ሆነችው ወደ አዶላ ይደርሳል።

ይህን መንገድ ብዙ ሰው በእንቅልፍ ያልፈዋል። ነገር ግን ድንጋይ ማንበብ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የበለጠ መጽሐፍ የለም። ሐዋሳ የቆመችው በጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በሰመጠ ሰፊ ጐድጓዳ ውስጥ ነው። ከሐይቁ በስተሰሜን ያለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ ጥቁር ባልጩትና ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ ተፍቷል። ይህ ሁሉ በምድር ዕድሜ ሲቈጠር የትናንት ሥራ ነው። ወደ ሀገረ ሰላም ሲወጣ የሚታየው ደግሞ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ዓመታት ያስቈጠረ፣ በላይ በላዩ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ንጣፍ ነው። አዶላ ሲደረስ ግን ይህ ልብስ ተገፎ የምድር አጥንት ይወጣል። እዚያ ያለው ድንጋይ ከአምስት መቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በታላቅ ግፊትና ሙቀት ተጣጥፏል፤ በስንጥቁም ነጭ የኳርትዝ ሥር ገብቶበታል። ወርቁ የሚገኘው ከዚህ ነጭ ሥር ጋር ነው።

እንግዲህ በአንድ ቀን የአውቶቡስ ጉዞ ከምድር ሕፃንነት ወደ ምድር እርጅና ይደረሳል ማለት ነው። የሌላ አገር ተማሪ ይህን ለማየት በሥዕል ብቻ ይረካል፤ የሐዋሳ ተማሪ ግን ጠዋት ተነሥቶ ማታ ይደርስበታል።

በሁለቱ አገሮች መካከል ሌላም ክር አለ። በአዶላ አካባቢ ቦምቦዋ በተባለ ስፍራ ካኦሊን የሚባል ነጭ የሸክላ አፈር ይወጣል። ይህ አፈር በሐዋሳ ለቆመው ለታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ሲሆን ኖሯል። ነጩ አፈር መጥቶ ሰሐንና ስኒ ሲሆን፣ ወርቁ ግን ሐዋሳን በመኪና እያለፈ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። አፈሩ የእጅ ሥራና ፋብሪካ ትቶ ሲቀር ወርቁ የመኪና አቧራ ብቻ ትቶ ያልፋል።

የአዶላ ወርቅ

ወርቅ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ በስማቸው የወርቅ ገንዘብ ያስመቱ ነበር። በስድስተኛው ምዕት ዓመት የጻፈው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ፣ የአክሱም ንጉሥ መልክተኞች ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ሳሱ ወደሚባል አገር ወርቅ ሊለውጡ እንደሚሄዱ ተርኳል። ሻጩና ገዥው ቋንቋ ስለማይተዋወቁ፣ አንዱ ሥጋውን በእሾህ አጥር ላይ ያስቀምጣል፤ ሌላው መጥቶ የወርቁን ጠጠር ከአጠገቡ ያኖራል። ባለ ሥጋው ከወደደ ወርቁን ይወስዳል፤ ካልወደደ ትቶት ይመለሳል። በዝምታ የሚደረግ ንግድ ነበር።

የአዶላ ወርቅ ታሪክ ግን የቅርብ ጊዜ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1930ዎቹ ጀምሮ ከወንዞቹ አሸዋ ወርቅ ሲታጠብ ኖሯል። በዚያ ዙሪያ የተሰበሰበው ሕዝብ ከተማ ሠራ፤ ስሙም ክብረ መንግሥት ተባለ። አሁን አዶላ ወዩ ይባላል። ሌላዋ የወርቅ ከተማ ሻኪሶም ከእርሱ ብዙም ሳትርቅ በቀለች።

አጣቢው የሚሠራው በቀላል ዘዴ ነው። አሸዋውን በገበቴ አድርጎ ከውሃው ውስጥ እያዞረ ያወዛውዛል። ወርቅ ከውሃ አሥራ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ሲከብድ ተራ አሸዋ የሚከብደው ከሁለት እጥፍ ተኩል ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ አሸዋው ከውሃው ጋር ሲፈስ ወርቁ ከታች ይቀራል። ከወርቁ ጋር ጥቁር አሸዋ አብሮ ይቀመጣል፤ እርሱም ብረት ያለበት ከባድ አሸዋ ነው። ሥራው ቀላል ይምሰል እንጂ ጉልበትን ይጨርሳል። ጉድጓዱ ሲጠልቅ ይናዳል፤ ሰውም ይቀብራል።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነገሩ መልኩን ለወጠ። የኢትዮጵያና የሶቪየት ኅብረት የጂኦሎጂ ሊቃውንት በአንድነት ሲፈልጉ፣ ለገ ደምቢ በተባለ ስፍራ የወርቁን ምንጭ፣ ማለትም ዋናውን የድንጋይ ሥር፣ አገኙት። በ1980ዎቹ መጀመሪያም በትልቅ መሣሪያ ማምረት ተጀመረ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1997 መንግሥት ይህን ማዕድን በ172 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ለሚድሮክ ሸጠው። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ ትልቁ የወርቅ ፋብሪካ ሆኖ ኖረ። በዚያው አካባቢ በቀንጢቻ ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች የሚያገለግለው ታንታለም ይገኛል። አንድ ወረዳ ይህን ሁሉ ሀብት ታቅፎ ሲገኝ የሚያስደንቅ ነው።

ዳሩ ግን በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ነገር ጐደለ። በአዶላ ወርቁ ሲወጣ ከወርቁ ጋር አብሮ የማዕድን ትምህርት ቤት አልተተከለም። ሊቃውንቱ ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር ይመጡ ነበር፤ የአገሩ ልጅ ግን ለቁፋሮና ለዘበኝነት ነበር የሚፈለገው።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ይህ ጉድለት የወርቅ አገር ሁሉ ዕጣ እንዳይመስለን የሌሎችን ታሪክ መመልከት ይበጃል።

በጀርመን አገር ፍራይበርግ በተባለች ከተማ በ1168 ብር ተገኘ። ሕዝብ ጐረፈ፤ ከተማ ተሠራ። በ1765 የማዕድን አካዳሚ ተከፈተባት። ታላቁ ተጓዥና ሊቅ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በ1791 ወደዚያ ሄዶ ተምሯል። በዚያው ከተማ መምህራን በ1863 ኢንዲየም፣ በ1886 ደግሞ ጀርማንየም የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ለዓለም አስተዋወቁ። የብሩ ማዕድን ግን እየሳሳ ሄደ። በ1913 ቆመ፤ እንደ ገና ተከፈተ፤ በ1969 ፈጽሞ ተዘጋ። አካዳሚው ግን አልተዘጋም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከዓለም ዙሪያ ተማሪ ይቀበላል። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ብር ያወጣች ከተማ ዛሬ የምትታወቀው በትምህርት ነው።

በአውስትራሊያ ባላራት በተባለች ስፍራ በ1851 ወርቅ ተገኘ። ከእንግሊዝ፣ ከአየርላንድ፣ ከቻይናና ከሌላም አገር በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው በድንኳን ሰፈረባት። ወርቁ ከወንዙ አሸዋ አልቆ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ መውረድ ግድ ሲሆን፣ አካፋና ጉልበት ብቻ እንደማይበቃ ሰዎቹ ተረዱ። በ1870 የማዕድን ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ልብ በሉ፤ ወርቁ ከተገኘ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የባላራት ትልልቅ ማዕድኖች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አልዘለሉም። ትምህርት ቤቱ ግን እያደገ ሄዶ የዛሬው ፌዴሬሽን ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሰጠው የምዕራብ አውስትራሊያው ታሪክ ነው። በ1892 ኩልጋርዲ በተባለ በረሃ ወርቅ ተገኘ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባለችው በካልጉርሊ ሌላ የበለጠ ወርቅ ተገኘ። ኩልጋርዲ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከዚያ ግዛት ከተሞች ሦስተኛዋ ለመሆን በቃች። ውሃ አልነበራትም፤ መሐንዲሶች ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ቧንቧ ዘርግተው በ1903 ከባሕሩ ዳርቻ አካባቢ ውሃ አመጡላት። በ1902 የማዕድን ትምህርት ቤት የተከፈተው በዚህችው በኩልጋርዲ ነበር። ነገር ግን ወርቁ ወደ ካልጉርሊ ሲያጋድል ትምህርት ቤቱ በ1903 ተነሥቶ ወደዚያው ሄደ። ዛሬ በካልጉርሊ የሚገኘው ይኸው ትምህርት ቤት የከርቲን ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ ከምድር ታላላቅ የማዕድን ትምህርት ቤቶች ይቈጠራል። ኩልጋርዲ ግን ሰፋፊ መንገዶቿንና ባዶ ሕንፃዎቿን ይዛ፣ ነዋሪዋ አንድ ሺህ እንኳ የማይሞላ የመንገድ ዳር ከተማ ሆና ቀርታለች።

ከእነዚህ ከተሞች ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ማዕድን ያልቃል፤ ይህ የማይቀር ነው። ከተማ ከማዕድኑ በኋላ የሚኖረው፣ ማዕድኑ ሳለ ሌላ የማያልቅ ነገር ተክሎበት እንደ ሆነ ነው።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር

አባቶቻችን «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይላሉ። በአዶላ ይህ ተረት ቃል በቃል የሚሠራ ይመስላል፤ ወርቁ ሄዶ ጠጠሩ በየጉድጓዱ አፍ ተከምሮ ይታያልና።

ነገሩ የሚያሳዝነው ለጠጠሩ ብቻ ተብሎ አይደለም። በወርቅ ማምረቻው አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ከፋብሪካው በሚወጣው ኬሚካል ሰውም ከብትም እየተጐዳ ነው፣ ልጆችም አካላቸው ተጐድቶ ይወለዳሉ ብለው አቤቱታ አሰሙ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ መንግሥትም የለገ ደምቢን ፈቃድ አገደ። ጥናት ከተደረገ በኋላ ማምረቻው ከጥቂት ዓመት በኋላ ሥራውን ቀጠለ። ስለ ጥፋቱ የሚፈርዱት ሊቃውንትና ዳኞች ናቸው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። የዚያ አገር ሰው ውሃውን ራሱ የሚመረምርበት ቤተ ሙከራ፣ የተመረመረውንም አንብቦ የሚያስረዳው የራሱ ልጅ ቢኖረው ኖሮ፣ እውነቱ በቶሎ ይታወቅ ነበር። ያላወቀ ሰው ወይ በከንቱ ይፈራል፣ ወይ በከንቱ ይታመናል፤ ሁለቱም ጉዳት ነው።

በገበቴ የሚያጥበውም ሰው ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም። ወርቁ ስንት ካራት እንደ ሆነ የሚያውቀው ገዥው እንጂ እርሱ አይደለም። ወርቅን የመፈተን ጥበብ ግን ጥንታዊና ግልጽ ነው። ከወርቁ የተወሰደውን ቅንጣት ከእርሳስ ጋር አቅልጠው፣ ከአጥንት አመድ በተሠራ ትንሽ ጽዋ ውስጥ በእሳት ያነድዱታል። ጽዋው እርሳሱንና ሌላውን ቆሻሻ ይመጠዋል፤ ከመካከሉ የምታበራ ቅንጣት ትቀራለች። ከእርስዋ ብሩ በአሲድ ይወጣና የቀረው በሚዛን ሲመዘን የወርቁ ንጽሕና በትክክል ይታወቃል። አንድ ሰው በአንድ የትምህርት ዘመን ሊማረው የሚችለውን ይህን ጥበብ ባለማወቁ፣ አጣቢው በወንዝ ዳር ያገኘውን በገበያ ላይ ያጣዋል።

ሜርኩሪም አለ። በዓለም ላይ በእጅ የሚሠሩ ወርቅ አምራቾች ደቃቁን ወርቅ ለመሰብሰብ በሜርኩሪ ስለሚጠቀሙ፣ ወደ አየር ከሚወጣው የሜርኩሪ መርዝ ትልቁን ድርሻ የያዘው ይህ ሥራ ነው። ጢሱ የሚያቃጥለውን ሰው ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠውን ሕፃን አእምሮ ይጐዳል። ጢሱን ይዞ የሚያስቀር ክዳንና ቧንቧ ያለው ቀላል ምድጃ ቀጥቃጭ ሊሠራው የሚችል ነው። ነገር ግን የሚያሳይ መምህር ያስፈልጋል።

በማስተምርበት ክፍል ከዚያ አገር መጥቶ ዘመዱ ዘንድ ተቀምጦ የሚማር አንድ ልጅ ነበር። አንድ ቀን በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ እፍጋት ስናገር እጁን አወጣና ገበቴ እንዴት እንደሚወዛወዝ፣ ጥቁሩ አሸዋ ከወርቁ ጋር ለምን እንደሚቀር፣ በወንዙ መታጠፊያ ወርቁ በየት በኩል እንደሚያርፍ ለጓደኞቹ አስረዳ። ክፍሉ በጸጥታ ሰማው፤ ከመጽሐፉ ምሳሌ የእርሱ በለጠ። በሚቀጥለው የትምህርት ወቅት ግን ወንበሩ ባዶ ሆነ። ወርቅ ወጣ ሲባል ሰምቶ መሄዱን ጓደኞቹ ነገሩኝ። ማንም ሊፈርድበት አይችልም፤ ለቤተ ሰቡ የዕለት እንጀራ ነውና። ነገር ግን የሚያውቀውንና የሚወደውን ጥበብ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በአገሩ ቢኖር፣ ከወርቅና ከትምህርት አንዱን እንዲመርጥ ባልተገደደ ነበር። ወርቁ ራሱ ትምህርቱ በሆነ ነበር።

ምን ይደረግ?

አንዳንድ ሰው «አሁን በአገራችን ማዕድን የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፣ አሉ። በአዲስ አበባ የጂኦሎጂ ትምህርት ከተጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በጉጂ ምድር በቡሌ ሆራም ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሟል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ጥቂት ሊቅ ነው፤ ወርቅ አጣቢው ግን እልፍ ነው። የባላራትም ትምህርት ቤት ጥቅሙ ሊቅ ማውጣቱ ብቻ አልነበረም። ቀን ጉድጓድ የሚቆፍረው ሰው ማታ መጥቶ እንዲማር ማድረጉ ነበር።

ስለዚህ ለአዶላ የሚያስፈልጋት ትልቅ ሕንፃና ትልቅ ስም አይደለም። ጥቂት ክፍሎች፣ አንድ የወርቅ መፈተኛ ምድጃ፣ አንድ የውሃ መመርመሪያ ቤተ ሙከራ፣ የመሬት መለኪያ መሣሪያና ጥቂት ትጉህ መምህራን ለመጀመሪያው ይበቃሉ። ጉድጓድን በእንጨት ደግፎ ከመናድ ማዳን፣ አየር ወደ ታች ማስገባት፣ ወርቅን ያለ መርዝ መለየት፣ የተቆፈረውን መሬት መልሶ ደን ማልበስ፣ ሒሳብ መያዝና በማኅበር መሥራት ይማሩበታል። ሕጉም በእጅ የሚሠራ ወርቅ አምራችን ያውቀዋል፤ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ስለ እርሱ ይደነግጋል። ብሔራዊ ባንክም ወርቁን ይገዛል። ሕግ አለ፤ ገበያ አለ። በሁለቱ መካከል የጐደለው ትምህርት ነው።

ለዚህ ትምህርት ቤት ሐዋሳ ታላቅ እኅት ብትሆነው ተፈጥሮም ታሪክም ይስማሙበታል። የጂኦሎጂ ተማሪዎቿ በክረምቱ ዕረፍት ወደ አዶላ ወርደው የተማሩትን ያስተምሩ፤ ከአጣቢዎቹም ያልተጻፈውን ዕውቀት ይልቀሙ። የደን ሊቃውንቷ በየጉድጓዱ ዳር ምን ዓይነት ዛፍ እንደሚበቅል ያሳዩ። ሐኪሞቿ የሕፃናቱን ደምና የወንዙን ውሃ ይመርምሩ። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ መንገድ አይደለም።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ከራሱ ከወርቁ ነዋ! በ2017 የበጀት ዓመት ወርቅ ቡናን እንኳ በልጦ ከውጭ ንግዳችን የመጀመሪያውን ገቢ አስገኝቷል። ይህን ያህል የሚሰጥ ምድር ከሰጠው ላይ ጥቂቱ ተመልሶ ለልጆቹ ትምህርት ቢውል ፍርድ ነው እንጂ ልመና አይደለም።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» የሚለው ተረት ዛሬም ይሠራል። ለገ ደምቢ ገና ወርቅ ሲሰጥ፣ የወንዞቹም አሸዋ ገና ሲያበራ፣ ነገ የምናስብበት ነገር ይመስለናል። ኩልጋርዲም እንዲሁ ሳይመስላት አልቀረም። የአዶላ ከተማ በቀድሞ ዘመን ክብረ መንግሥት ተብላ ትጠራ ነበር። ክብሩ ለእርሷም እንዲሆን ከፈለግን፣ ትምህርት ቤቱ ከወርቁ መጨረሻ በፊት መከፈት አለበት።